በገና ይዤ ምን አለሽ ተራ

የቅበላ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡20፤ ደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ብርድ ቀልድ አያውቅም። መናኸሪያ ስደርስ አፍንጫዬ በቦታው መኖሩን ለማረጋገጥ ነካ ነካ አደረግኩት፤ አለ። ረዳቱ “አዲስ አንድ ሰው! አዲስ አንድ ሰው!” እያለ ይጮኻል፤ ስገባ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ለእነሱ ሁሌም የቀረው አንድ ሰው ነው። ሦስት መቶ ብር ከፈልኩና መስኮት ሥር ተቀመጥኩ።

እናንተ የዚህ ገጽ የቆያችሁ አንባቢዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምሄድ ታውቃላችሁ። አዲስ ለመጣችሁት ልንገራችሁ። አስካለ እባላለሁ፤ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። መርካቶ ዳር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በገና እማራለሁ። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ፈተና ነው። ግማሹ የበገና ታሪክ በቃል፣ ግማሹ መደርደር። ተማሪው የራሱን በገና ይዞ፣ በራሱ እጅ ቃኝቶ ይቀርባል። መምህር ጽጌ በትምህርት ቤቱ በገና ማንንም አይፈትኑም። “በተውሶ ልብስ ሙሽራ አይኮንም” ይላሉ፤ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም።

የወደቀ እስከ ዓመት ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ዓመት የለኝም። የሰፈራችን ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ሰጥቶኛል፤ አስራ አንድ ሰው ተመዝግቧል፤ የፊታችን ሰኞ ዐቢይ ጾም ሲገባ ማስተማር ልጀምር ነው። ዛሬ መምህሩ “አስተምሪ” ካላሉኝ ግን ክፍሉ የፕላስቲክ ወንበር ማስቀመጫ ይሆናል። ሰብሳቢው ቁርጡን ነግሮኛል። ወንበሮቹም በረንዳ ላይ ተደራርበው የኔን መውደቅ ይጠብቃሉ።

በገናው የአባቴ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጾም በገባ ቁጥር የስፌት መኪናውን ሸፍኖ በገናውን ያወርዳል። ካረፈ አስራ ስምንት ዓመት ሆነው፤ በገናውም ያንን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ባለፈው ቅዳሜ ቀንበሩ፣ ማለትም መቃኛዎቹ የተሰኩበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት፣ ስለተወላገደ ጭድ ተራ ላሉ አንድ ባለሙያ ሰጥቼው መጣሁ። ዛሬ እሱን ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ፈተናው ነው።

ስወጣ እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለኔ ስትል ሌሊት ተነስታ ዳቦ ጠቅልላልኛለች። ግራ እጇን ከጋቢው ሳታወጣ በቀኟ ሰጠችኝና፣ “ድምፁን ይዘሽው ነይ” አለችኝ።

“የምን ድምፅ?”

“ያንን የሚነዝረውን። አባትሽ ሲደረድር ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጫቀጭ ነበር። ብርጭቆው ካልተንቀጫቀጠ የሱ አይደለም።”

ሰኖ… ይቅርታ፣ ሸኖ፤ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል

ሸኖ ላይ ቆምን። ቅበላ ነውና ሰዉ ሁሉ ቅቤ ላይ ተረባርቧል። ጣሪያችን ላይ አምስት በጎች ተጭነዋል፤ መኪናው በዞረ ቁጥር ከላይ “ባ!” የሚል አስተያየት ይሰጣሉ። ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ እጄን ሲያይ ቆይቶ አላስችለው አለ።

“እህቴ፣ የግራ እጅሽ ጥፍር ረጅም፣ የቀኝሽ አጭር። መቀስ ጠፋብሽ?”

“በገና ተማሪ ነኝ። የሚደረደረው በግራ ነው።”

“በገና የሽማግሌ አይደል እንዴ?”

“እና ሽማግሌ እስክሆን ልጠብቅ?”

ሳቀና ሬዲዮውን ቀነሰልኝ። እኔም ደብተሬን አወጣሁ። በገና በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት፣ በገና በገዳም፣ በገና በጾም ወራት በሬዲዮ። የአውታሮቹ ቁጥር አስር፤ ምሳሌነቱ የአስርቱ ትእዛዛት። ሁሉን በቃሌ ይዤዋለሁ። ልቤ ሙሉ ነው። እንዲያውም ትንሽ ሳይበዛ አይቀርም።

3፡50፤ ጭድ ተራ

ላምበረት ወርጄ በሁለት ታክሲ መርካቶ ገባሁ። የቅበላ መርካቶ ያው መርካቶ ነው፤ ብቻ እጥፍ ሆኖ። ከፊቴ በግ፣ ከኋላዬ ጋሪ፣ ከራሴ በላይ አምስት ፍራሽ የተሸከመ ሰው “ዞር በይ እናት!” ይለኛል። ወዴት እንደምዞር እሱም አያውቅም። ጭድ ተራ ጭድ ያለ መስሏችሁ እንዳትመጡ። ባለሙያውን ጋሽ ነስሩን ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ሁሉም ያሳያችኋል።

ሱቃቸው ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው ውጭ ነው። ጊታር፣ ክራር፣ የተቀደደ አኮርዲዮን፣ የመንዙማ ድቤ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። እሳቸው ስድሳን አልፈዋል፤ መነጽራቸው በክር ታስሯል። እንጨት መግጠም ላይ አቻ የላቸውም ብሎ የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ደግሞም አልዋሸም።

“መጣሽ? አልሐምዱሊላህ! እስኪ ዓይንሽን ጨፍኚ” አሉኝ።

በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ መርካቶ መሐል፣ ቦርሳዬን አቅፌ ጨፈንኩ። ስገልጥ የአባቴ በገና ፊቴ ቆሟል። ቀንበሩ ቀጥ ብሏል፤ እንጨቱ ታሽቶ ያበራል፤ አስሩም አውታር ተወጥሯል። “እሰይ! እጅዎ ይባረክ!” ብዬ ተንሰፍስፌ አቀፍኩትና በጠቋሚ ጣቴ አንዱን አውታር ነካሁ።

ጢን።

ሌላውን ነካሁ። ጢን። ጥርት ያለ፣ የታጠበ፣ ባዶ ድምፅ። ክራር እንኳ ያፍርበታል።

“ጋሽ ነስሩ፣ ድምፁ የት ሄደ?”

“ይኸው አይደል? እንደ ውኃ ጠራ እኮ!” አሉ በኩራት። “ሲመጣ እያንዳንዱ አውታር ይነዝር ነበር፤ ዝዝዝ ይላል፣ ዝንብ የገባበት ይመስል። ባየው ለካ በየአውታሩ ሥር ደረቅ የቆዳ ቁራጭ ተወትፏል! አይጥ ነው የመሰለኝ። አንድ በአንድ በወረንጦ ለቀምኩት። ለሱ አላስከፍልሽም፤ በነፃ ነው።”

ጉድ ፈላ! ለማታውቁት ላስረዳ። በገና ከታች አውታሮቹን የምትሸከም ብርኩማ የምትባል እንጨት አለችው። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማዋ መካከል ጥፍር የምታክል ቆዳ ትገባለች፤ እንዚራ ትባላለች። አውታሩ ሲነካ እንዚራዋን እየዳበሰ ይነዝራል። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ መነዘር ነው። ጋሽ ነስሩ በሽታ መስሏቸው ነቅለው የጣሉት እሱን ነው።

“ቁራጮቹ የታሉ?”

“ጠርጌ ጣልኳቸዋ። ማክሰኞ።”

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ብዬ? በገና በእጃቸው ገብቶ እንደማያውቅ ነግረውኝ ነበር። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለስድሳ ልጅ የዓባይን ተፋሰስ ሳስረዳ እውላለሁ፤ ለአንድ ባለሙያ “ይቺን ቆዳ እንዳይነኩብኝ” ማለት አቃተኝ። ማን በገናን አያውቅም ብዬ ነዋ! ጥጋብ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እንባዬ መጣ፤ ደግሞ በንዴት ነው ያለቀስኩት፤ እሱ ይባስ ያናድዳል።

ጉዳዩን ሁሉ፣ ፈተናውን፣ አስራ አንዱን ሰዎች፣ ወንበሮቹን ነገርኳቸው። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

“ያ ረቢ! ላድነው ብዬ ምላሱን ነው የቆረጥኩት?” አሉ። ከዚያ ተነስተው ሱቁን ዘጉት። በቅበላ ቅዳሜ፣ በአራት ሰዓት፣ መርካቶ ውስጥ! የጎረቤቱ ነጋዴ ደንግጦ፣ “ጋሽ ነስሩ ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?” አላቸው።

“አልሞተም፤ ከደረስንለት” አሉና በገናውን ተሸክመው ከፊቴ ሄዱ።

5፡30፤ ቆዳ ፍለጋ

ቆዳ ማግኘት ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ጫማ መሥሪያ ዕቃ የሚሸጥበት ገባንና መዳፍ የምታክል ቆዳ ገዛን። የምትሸት፣ የምታብረቀርቅ፣ አዲስ። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ቆርጬ አንዱ አውታር ሥር አስገባኋት። ዱም። አውታሩ ጉንፋን ያዘው። ቆዳዋ ወፍራም ናት፤ ቅባትም ፊቷን ሸፍኖታል። አሳሳኋት፤ አሁንም ዱም።

ደግሞ ሌላም ጉድ አለ፤ ልናዘዝ። እንዚራ በእጄ አስገብቼ አላውቅም። የትምህርት ቤቱ በገናዎች ሁሉም ተሰርቶላቸው ነው የሚጠብቁን፤ እኛ ወደ ፊት ወደ ኋላ ብቻ ነው የምንገፋው። አገባቡን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ማስመር ግን መቻል አይደለም።

“ያረጀ ነው የሚፈልገው” አሉ ጋሽ ነስሩ ቆዳውን በጥርሳቸው ነክሰው። “ያረጀ፣ ብዙ የታጠፈ። ቆይ!” ብለው ቀበቷቸውን ፈቱ።

“ኧረ ጋሽ ነስሩ፣ ሱሪዎ!”

“ሱሪው አላህ ያውቅለታል። ስድስት ዓመት የታጠቅሁት ንጹህ ቆዳ ነው” ብለው ጫፉን በቢላ ሰነጠቁት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ውስጡ ጨርቅ፣ ላዩ ፕላስቲክ። ጫፉን አገላብጠው አዩት። “ስድስት ዓመት!” አሉ በመጨረሻ፤ እኔ እያለቀስኩ እንዳልነበር ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም አላስቻላቸውም።

ፉል ቤት አስገቡኝ። ዙሪያችን ሰዉ ለቅበላ ቁርጥ ይቆርጣል፤ እኛ ሥጋችን ስለማይገናኝ አንድ ሳህን ፉል ላይ ተገናኘን፤ ቃሪያው ዓይን ያወጣል። በየጉርሻው ሰዓቴን አያለሁ። ስድስት ከሩብ።

“እኛ ጋ መንዙማ ላይ” አሉ እየቆረሱ፣ “ድቤው አንዳንዴ ከመታሽው በኋላም ያንጎራጉራል። ያኔ ሽማግሎቹ ‘ዝም በሉ፣ ድቤው ዱዓ እያደረገ ነው’ ይሉናል። ያንን እያወቅሁ እንዴት ያንቺ ሳይገባኝ ቀረ? አስካለ፣ አንድ ቦታ ቀርቶናል። እዚያ ከሌለ በዓለም የለም።”

6፡45፤ ምን አለሽ ተራ

ምን አለሽ ተራን በጆሮ ነው የምታገኙት። ከሩቅ የመዶሻው መዓት ይጠራችኋል። የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል፤ የበርሜል ክዳን ጉልላት ይሆናል፤ የተጣለ ሁሉ ተቀጥቅጦ ሌላ ስም ይዞ ይወጣል። ጋሽ ነስሩ አንድ ምድጃ ሠሪ ያውቃሉ፤ ደግፌ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ክንዱ የኔን ወገብ የሚያህል ሰው። ጉዳያችንን ለማስረዳት ሦስቴ ጮኽንበት። አራተኛ ላይ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለ ነገር ጠቆመ።

ወናፍ ነው። የድሮ የእሳት መንፊያ። አሁን እሳቱን በኤሌክትሪክ ነው የሚያናፍሱት፤ ይኼኛው የአባቱ ነበር። የፍየል ቆዳ፣ በጥቀርሻ የጠቆረ፣ ስንት ዓመት ሲነፋና ሲጨመቅ የኖረ። አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠው። በጣቶቼ መካከል ሳሸው እንደ ጆሮ ለስላሳ፣ እንደ ወረቀት ስስ ነው።

“የአባትህ ከሆነ እንዴት እቆርጠዋለሁ?” አልኩት።

“በገናውስ የማን ነው?”

“የአባቴ።”

“እንግዲያው ይተዋወቁ” አለና መቀሱን ራሱ አመጣ። ከዳሩ ቆረጠ፤ እንዳልከፍለውም ፊቱን አዞረብኝ። “ሲያልቅ እሰማዋለሁ፤ በቃ።”

የምድጃ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ቆዳውን አስር ቦታ ቆራረጥኩት። የመጀመሪያዋን አውታር ላላ አድርጌ እንዚራዋን አስገባሁ፤ አጠበቅሁ፤ ነካሁ። ምንም አልተሰማኝም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን የበገናው ሆድ፣ ገበቴው ላይ ለጠፍኩ፤ ነካሁ። መዶሻ፣ መዶሻ፣ መዶሻ። እንዚራ የፀጉር ያህል ስትገፋ ነው ድምፅ የምትሰጠው ወይ የምትከለክለው፤ ሳትሰማ አታገኛትም። በገና ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚናገር መሣሪያ ነው፤ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ማን ይሰማዋል? ከድጡ ወደ ማጡ! ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። ወጥቶ ጸጥ ያለ ቦታ መፈለግ? በቅበላ ቅዳሜ? መርካቶ ውስጥ?

“አይሰማኝም!” አልኩ፤ ድምፄ ተሰበረ። “ደግፌ፣ አይሰማኝም!”

ደግፌ መዶሻውን አስቀመጠ። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አፏጨ። “አንድ ጊዜ ሥራ አቁሙ! ሴትዮዋ ፈተና አለባት!”

አጠገቡ ያሉት አቆሙ። “የምን ፈተና?” አለ ከማዶ አንዱ። “የበገና!” አቆመ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረድፍ አቆመ። ራቅ ብሎ አንድ ግትር ቆርቆሮ ይደልቃል፤ “አንተ ሰውዬ!” ብለው ጮኹበት፤ እሱም አቆመ። ምን አለሽ ተራ ዝም አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ርግብ ክንፏን ስታራግብ ሰማሁ። ሁለት የሚከራከሩ ገዢና ሻጭ እንኳ በምልክት ቀጠሉ።

ነካሁ። ጢን። ገፋ አደረግኳት። ጢ… ትንሽ መለስ። ዝዝዝምምም።

ወይ እግዚአብሔር! ተነሳ! አንጀቴ ውስጥ ገባ። ጋሽ ነስሩ “ሱብሐነላህ” ሲሉ ሰማሁ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራተኛው። አምስተኛው። አንጥረኞቹ መዶሻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አንድም ሰው አይስልም። ሰባተኛው ላይ “በቃ” ብዬ ወደ ስምንተኛው ሳልፍ ከኋላ አንድ አንጥረኛ፣ “እሷ ገና ናት፤ ግማሿ ነው የነዘረችው” አለኝ። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ! ተመለስኩ፤ ልክ ነበር፤ አስተካከልኩ።

አስረኛው ሲነዝር ከሥር እስከ ላይ ደረደርኳቸው። አስሩም በአንድነት አጉረመረሙ። ደግፌ እጁን ገበቴው ላይ አሳርፎ ቆየ። “የአባቴ ወናፍ እንደዚህ ነበር የሚተነፍሰው” አለኝ፤ ዓይኑን በጥቁር ክንዱ ጠረገ፤ ጥቀርሻው ፊቱ ላይ ተሳለ። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ፣ “ምን ትጠብቃላችሁ? ሥራ!” አለ። መዶሻው ሁሉ በአንዴ ወረደ፤ ለኔ ግን እልልታ ነበር።

የተረፈውን ቆዳ ጠቅልሎ ሰጠኝ። “አስራ አንድ ተማሪ አለሽ አላልሽም?”

8፡25፤ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

በመርካቶ ግርግር በገና ይዞ መሮጥ አልጋ ተሸክሞ ወንዝ እንደመሻገር ነው። ጋሽ ነስሩ በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን፣ በሌላው ሕዝቡን ይዘው ከፊቴ ይሄዳሉ።

“ዞር በሉ! የነቢዩ ዳውድ ዕቃ ነው! ዞር በሉ!”

ሰዉ ዞረልን፤ ወላሂ ዞረልን፤ የሳቸው መሐላ ተጋባብኝ። ጋሪ የሚገፋው ቆመ፤ የባልዲ ሻጯ ባልዲዎቿን በእግሯ ገፋችልን። ድልድዩ ጋ የሚኒባስ ረዳቶች “ሜክሲኮ! ጦር ኃይሎች!” ሲሉ በመሐላቸው ሰንጥቀን አለፍን። ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ወጣን። ጋሽ ነስሩ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። “ግቢ። እኔ ፍርዱን ሰምቼ ነው ሱቄን የምከፍተው” አሉኝ።

9፡00፤ ፈተናው

መምህር ጽጌ ሰባ አልፏቸዋል፤ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጢም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲስቁ አላየኋቸውም። ስምንት ተማሪዎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረናል። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ እጅ ነስቼ ተቀመጥኩ።

“በገና ስለ ምን ዝቅ ብሎ ይናገራል?”

“ጸሎት ስለሆነ፤ ለጭፈራ ስላልተሠራ። ደርዳሪው መጀመሪያ ለራሱ ነው የሚደረድረው፤ ሌላው ቢሰማ ቀርቦ ይሰማል።”

“እንዴት ነው እኛ ዘንድ የደረሰው?”

“ከእጅ ወደ እጅ። ተማሪው አዋቂው ቤት ተቀምጦ፣ አይቶ፣ ሰምቶ። በቤተ መንግሥቱም በገዳሙም በቤቱም ይዞ ያቆየው ያ ነው። ወረቀት ዘግይቶ ነው የመጣው።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ “የእንዚራ ሥራው ምንድነው?” አሉኝ።

ደብተሬ ላይ መልሱ አንድ መስመር ነው። እኔ ግን ያቺን መስመር አላልኩም። ተነሳብኝ! ያለ እንዚራ አውታር እንዴት ራቁቱን እንደሚቀር፣ አዲስ ቆዳ ለምን እንደሚያፍነው፣ የፀጉር ያህል ስትገፋ እንዴት እንደሚነቃ፣ ቆዳው ዘመን ያሸው መሆን እንዳለበት፣ ሁሉንም አወራሁ። የፕላስቲኩን ቀበቶ ሳይቀር። ተማሪዎቹ ሲያፍኑ ሲያፍኑ ሳቃቸው አመለጣቸው። መምህሩ ዓይናቸውን አልገለጡም።

“ከየት አመጣሽው ታዲያ?”

“ከምን አለሽ ተራ፣ የኔታ። ከወናፍ።”

“ደርድሪ።”

ቅኝቱን በፊታቸው አስተካክዬ አባቴ በጾም መግቢያ የሚደረድረውን የንስሐ መዝሙር ጀመርኩ። ድምፄ ጥሩ አይደለም፤ ራሴም አውቃለሁ። በገናው ግን ይዞኝ ሄደ። የአባቴን ጉልበት፣ የስፌት መኪናውን ሽፋን፣ የወናፉን ጥቀርሻ፣ መዶሻውን ይዞ የቆመውን ብረት ቀጥቃጭ ሁሉ ይዤ ገባሁ። ስጨርስ የመጨረሻው አውታር ለብቻው ሲነዝር ቆየ፤ ማንም ሊያቋርጠው አልደፈረም።

መምህር ጽጌ ዓይናቸውን ገለጡ።

“ሁለት ዓመት ጥፋትሽን ስፈልግ ነበር” አሉ። “የምታውቂውን በጣም ታውቂያለሽ፤ እሱ ነበር ጥፋትሽ። ዛሬ የማታውቂው ገጠመሽ፤ ጠይቀሽ፣ ለምነሽ፣ በሰው ጆሮ ሰምተሽ አገኘሽው። በገና የሚተላለፈው እንደዚያ ነው።” ከዚያ ጢማቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሳቁ፤ የእውነት ሳቁ። “ወናፍ! ሂጂ፣ አስተምሪ።”

ተማሪዎቹ እልል አሉ። በሩን ስከፍት ጋሽ ነስሩ ጆሯቸውን እበሩ ላይ ለጥፈው ኖሮ ሊወድቁብኝ ነበር። “ሰምቻለሁ! ሰምቻለሁ!” ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም አዲስ ቀበቶ እንድገዛላቸው ለመንኳቸው፤ አልሆነም አሉ። “ይልቅ እነዚያ አስራ አንዱ ቀንበራቸው ሲወላገድ ወደኔ ላኪያቸው። እንዚራ አልነካም፤ በዲኔ!”

11፡30፤ ላምበረት

“ይኼ ምንድነው፣ አልጋ ነው?” አለኝ የመመለሻው መኪና ረዳት።

“በገና ነው።”

“ወንበር ይይዛል። የሱንም ትከፍያለሽ።”

ሌላ ቀን ቢሆን እስከ ደብረ ብርሃን እከራከረው ነበር። ዛሬ ከፈልኩለት፤ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት፤ ቀበቶም አሰርኩለት። የእውነት ተሳፋሪ ነው። ጉድጓድ ስንገባ አውታሮቹ ሁሉ አብረው ዝቅ ብለው ያንጎራጉራሉ፤ ፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ስልካቸው መስሏቸው ኪሳቸውን ይፈትሻሉ።

ምሽት 2፡00፤ ደብረ ብርሃን፣ ቤት

እማዬ በሩን ከፍታ ነው የጠበቀችኝ። አለፍኩ ወደቅኩ አልጠየቀችኝም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆዎች አጠጋግታ አስቀምጣለች፤ ሌላ ዕቃ ሁሉ ተነስቷል። “ደርድሪው” አለችኝ፤ በቃ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ደረደርኩ። ሦስተኛው አውታር ላይ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ።

እማዬ አላለቀሰችም። አገጯን ቀና አድርጋ፣ እንደ ዳኛ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስጨርስ፣ “ስንት ሰው ነው የመዘገብሽው?” አለችኝ።

“አስራ አንድ።”

“አስራ ሁለት በይ።”

“ማን ተጨመረ?”

ግራ እጇን ከጋቢዋ ውስጥ አወጣችና መብራቱ ሥር ዘረጋችልኝ። ያ ዕድሜ ልኩን ጥፍሩ ከሥሩ የሚቆረጥ፣ ሊጥ የሚያቦካ እጅ፣ አምስቱም ጥፍሮቹ ረዝመው፣ ጫፋቸው ተሞርዶ ተስተካክሏል።

“ከገና ጀምሮ አሳድጌዋለሁ” አለችኝ። “ብቻ ሰኞ በጊዜ ክፈቺልኝ፤ ከፊት ነው የምቀመጠው።”